የስለላ አውሮፕላኗ ልጅ

እኔ ዝም ብዬ መኩራት አላውቅበትም፤ ከኮራሁ አወራዋለሁ። ይህን ታሪክ የሥራ ባልደረቦቼም የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼም በቃላቸው ያውቁታል። ልጆቼማ ገና አፌን ስከፍት «እማዬ፣ ኖት አጌን» ብለው ክፍላቸው ይገባሉ። እናንተ ግን አልሰማችሁትምና የምትሸሹበት ምክንያት የለም። ቁጭ በሉና ስሙኝ።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። ቶሮንቶ፣ ዌስተን ውስጥ፣ ሊፍቱ ደስ ሲለው ብቻ በሚሠራ አሮጌ ፎቅ ላይ ከአባቴና ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አውሮፕላኖች ወደ ኤርፖርቱ ሲወርዱ በራሳችን ላይ ስለሚያልፉ መስኮታችን ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ጎረቤት ሁሉ ያማርራል። አባቴ ግን ሶፋቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ባለ ሁለት ሞተር ነው፤ ዛሬ ዝቅ ብሎ መጣ» ይላሉ። በረንዳ ላይ ወጥቼ ሳይ እንዳሉት ነው። አውሮፕላን መውደድ የጀመርኩት እዚያ በረንዳ ላይ ነው።

አባቴ ታክሲ ይነዱ ነበር። አገር ቤት ምን ይሠሩ እንደነበር ለሚጠይቃቸው ሁሉ «የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። አንድ የድሮ ጓደኛቸው «መቶ አለቃ» እያለ ስለሚጠራቸው ወታደር እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈውን አልነገሩኝም። እናቴ ደግሞ ከእሳቸው ትብሳለች። በደርግ ጊዜ ቀበሌ የተጠራ ወንድሟ ሄዶ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሱዳንም እያለን፣ ቶሮንቶም ከመጣን በኋላ፣ ስልክ ላይ ከጤና ይስጥልኝ ውጪ አይወጣትም። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የዘወትር ቃሏ ነው።

እኔ የአውሮፕላን ጥገና ተማሪ ነበርኩ፣ የመጨረሻ ዓመት። ስንጀምር ሁለት ሴቶች ነበርን፤ አንደኛዋ በመሀል አቋርጣ ነርሲንግ ገባች። በዚህ ሙያ ትምህርቱ ብቻውን የትም አያደርስም። ላይሰንስ ለማግኘት አውሮፕላን የሚጠገንበት ሃንጋር ገብቶ በተለማማጅነት መሥራት ግድ ነው፤ ሃንጋር ለመግባት ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። ከክፍሌ ልጆች አንዱ አጎት ነበረው፣ አንዱ አባት፣ አንዱ ደግሞ ከአባቱ ጋር ሆኪ የሚጫወት ሰው። እኔ የነበሩኝ ታክሲ ነጂ አባትና ስልክ የምትፈራ እናት ናቸው። ስለዚህ በኤርፖርቱ ሰሜን በኩል ያለ አንድ የጥገና ሃንጋር «ከእናንተ ክፍል አንድ ሰው እንወስዳለን» ሲል፣ ያ ቦታ ካመለጠኝ ሌላ እንደማላገኝ ገብቶኛል።

ፈተናው ለየት ያለ ነበር። እያንዳንዱ አመልካች አንድ አውሮፕላን ይመርጣል። አውሮፕላኑ ምን መሥራት እንደሚችል፣ ራሱን ከአደጋ እንዴት እንደሚከላከልና እንዴት እንደሚጠገን በሃንጋሩ ሰዎች ፊት ያስረዳል። ከዚያ ይጠየቃል። ሌሎቹ የመንገደኛ አውሮፕላን መረጡ። እኔ የስለላ አውሮፕላን መረጥኩ፤ ያንን ጥቁሩን፣ ረጅሙን፣ ከድምፅ ሦስት እጥፍ በላይ የሚበረውን። መምህራችን ፎቶውን አሳይተውን ነበር። ፎቶው ላይ አውሮፕላኑ ቆሟል፤ ሥሩ ሲሚንቶው ላይ ያንጠባጠበው ነዳጅ ይታያል። በዓለም ፈጣኑ አውሮፕላን እንደ አሮጌ ቧንቧ ያፈሳል፣ ማንም ደግሞ አልደነገጠም። ይህን ነገር ሳልረዳ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

ዓርብ ራት ላይ እናቴ ጠየቀችኝ።

«ስለ ምን ዓይነት አውሮፕላን ነው የምታወሪላቸው?»

«ስለ ስለላ አውሮፕላን።»

እናቴ እጇን ከሳህኑ አነሳች። ሄዳ የበረንዳውን በር ዘጋች። ተመልሳ ደግሞ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች።

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? ሰው የሚጭን ስንት አውሮፕላን ሞልቶ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር። የዜግነት ወረቀታችን እንኳ ገና አላለቀም።»

«እማዬ፣ እኔ ልሰልል አይደለም። አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚሠራ ነው የማስረዳው።»

«ጆሮ ጠቢ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር። አባቴ እስከዚያ ድረስ ይበሉ ነበር። ጎርሰው እስኪጨርሱ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«የትኛው ነው? ጥቁሩ ነው?»

«ያውቁታል እንዴ አባባ?»

«ነገ ከሰዓት ሥራ አልወጣም» ብቻ አሉ።

በማግስቱ ካፖርታቸውን ደርበው በረንዳ ላይ ጠሩኝ። የጸደይ መጀመሪያ ነበር፤ ብርዱ ገና አልለቀቀም። አንድ አውሮፕላን በላያችን እያጓራ ሲወርድ ጠብቀው፣ ድምፁ ሲርቅ ንግግር ጀመሩ።

«አንቺ የላዩን ተምረሻል። እኔ ደግሞ ከሥር ነበርኩ። ደብረ ዘይት፣ የሚሳይል ምድብ ውስጥ፣ ራዳር ላይ ነው የሠራሁት።»

በሃያ አንድ ዓመቴ የአባቴን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

«ያ አውሮፕላን ወደ እኛ አገር መጥቶ አይቼው አላውቅም» ሲሉ ቀጠሉ። «ራሺያ ለትምህርት ስንላክ ግን የሚያስተምሩን ስለ እሱ ነበር። ምን ያህል ይበራል አሉሽ?»

«በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከፍታው ከሃያ አራት ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አብራሪዎቹ እንደ ጠፈርተኛ ለብሰው ነው የሚወጡት።»

«እሺ። አሁን እኔ ራዳር ላይ ነኝ። አየሁት። ለአዛዤ እናገራለሁ። አዛዤ ያዛል። ሚሳይሉ ወደ እሱ ይዞራል፣ ይተኮሳል። እዚያ ከፍታ ለመድረስ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። በዚያ ደቂቃ ውስጥ እሱ የት ነው?»

አሰብኩ። «እዚህ ዌስተን ላይ ብንተኩስበት፣ ሚሳይሉ ላይ ሲደርስ እሱ ሃሚልተን ነው።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው» አሉና ሳቁ። አባቴ ሲስቁ ብዙ ጊዜ አይቼ አላውቅም። «ስለዚህ ያለበት ቦታ ላይ አይተኮስም። የሚደርስበትን ቦታ አስልተን ቀድመን እንጠብቀዋለን። እሱ ደግሞ ይህን ያውቃል። ሲተኮስበት ምን ያደርጋል?»

«ይጠመዝዛል?»

«በዚያ ፍጥነት ተጠምዝዞ የት ይደርሳል? ለመዞር አንድ ክፍለ ሀገር አይበቃውም። ፍጥነት ይጨምራል እንጂ! ትንሽ ጨመረ ማለት ያሰላነው ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው። ቅርጹም ቀለሙም ራዳር እንዳያየው ተብሎ የተሠራ ነው። አየሁት ስትይ ደግሞ ራዳርሽን የሚያውክ መሣሪያ ይዟል። ጠመንጃ የለው፣ ቦምብ የለው። የእሱ መከላከያ እንዳትደርሺበት ማድረግ ብቻ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው፣ ቀስ ብሎ ከፍ ብሎ የሚበረው፣ እኛ በነበረን ዓይነት ሚሳይል ተመትቶ ወድቋል። ይኼኛውን ግን ስንት ጊዜ ተኩሰውበት አንድም አልጣሉትም።»

ጠላት ስለተባለ አውሮፕላን እንዲህ በአድናቆት ሲናገሩ ገረመኝ፤ ጠየቅኋቸው። «ባለሙያ ባለሙያን ይወዳል፣ ቢዋጉም» አሉኝ።

ከዚያ አንድ ነገር አጫወቱኝ። ራሺያ አንድ ሽበታም ኮሎኔል ያስተምራቸው ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ የዚህኑ አውሮፕላን ሂሳብ ሲሠራ ተሳሳተ። ክፍሉ ሙሉ ያየዋል፣ ሁሉም ፈርቷል። አባቴ ተነስተው ቀጥ ብለው ቆሙና «ጓድ ኮሎኔል፣ ፈቃድዎ ከሆነ» አሉ። ሰውዬው ጠመኔውን ሰጣቸው፤ አስተካከሉት።

«አልተቆጣዎትም?»

«ለምን ይቆጣል? ታላቅን ቁጭ ብለሽ ካረምሽው ስድብ ነው። ቆመሽ ካረምሽው ግን ሪፖርት ነው።»

ያን ጊዜ እንደ ጨዋታ ነው የሰማኋቸው።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን አብርተው በታክሲያቸው ወሰዱኝ። ሥራ አልወጡም። ሃንጋሩ ፊት ፓርኪንግ ላይ አቆሙና «እዚሁ ነኝ» አሉ። እናቴ ቤት ሆና እንድትጸልይ ተወስኖ ነበር፤ የምትጸልየው ስለ ፈተናው ይሁን ስለ ፖሊስ እርግጠኛ አይደለሁም።

ከሃንጋሩ ጥግ ያለች ትንሽ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠበቁኝ። አንዱ የኮሌጁ መምህሬ ናቸው። አንዷ የቢሮ ኃላፊዋ ናት፤ ስሜን፣ ትርሲት የሚለውን፣ ሦስት ጊዜ ሞክራ ተወችው። መሀል የተቀመጡት ዋናው መካኒክ ሚስተር ሃርቪ ናቸው። ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ እጃቸው ትልልቅ፣ ጥፍራቸው ሥር ቅባት የማይጠፋ ሽማግሌ።

ንግግሬ ጥሩ ሄደ፤ ራሴን ማመስገን አላፍርበትም። «ቶሮንቶ ላይ ሻይ ብትቀዱ ሳይበርድ ሞንትሪያል ያደርሳችኋል» ስላቸው የቢሮዋ ሴት ሳቀች። ፍጥነቱን፣ ከፍታውን፣ ካሜራውን፣ የራዳር ማወኪያውን አስረዳሁ። አባቴ ያሉኝን፣ ሲተኮስበት ፍጥነት ጨምሮ ሂሳብ እንደሚያበላሽ ስናገር ሚስተር ሃርቪ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። በመጨረሻ ወደ ነዳጁ ደረስኩ። አውሮፕላኑ ከቲታንየም የተሠራ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ሲበር አካሉ ግሎ ይሰፋል። ለዚያ ተብሎ ክፍተት ስለተተወለት ቀዝቅዞ መሬት ላይ ሲቆም ያፈሳል።

ሚስተር ሃርቪ ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ጥያቄያቸውን ጀመሩ።

«ደስ የሚል ነው። እንግዲህ ያ አውሮፕላን እኔ ሃንጋር ቢገባ፣ አንዲት ጠብታ እስክትጠፋ ድረስ ክፍተቱን በሙሉ ደፍኜ ነው የምለቀው። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት እንደዚያ ነው። የሚያፈስ አውሮፕላን አይበርም። ትክክል አይደለሁም?»

ትክክል አልነበሩም። ይህን አሁን ከነገርኳቸው አንዲት ደቂቃ አይሞላም። ግን እኔ ማን ነኝ? ሽበታቸውን አየሁ። ሠላሳ ዓመት ብለዋል። በሁለት ሰው ፊት «ተሳስተዋል» ይባላሉ? እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ አይደለም። አገራችን ታላቅ ሰው ሲናገር እየሰማን መሆኑን በምናሳይበት መንገድ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አፍ ሳይከፈት የሚባለው እሺታ ነው።

ሚስተር ሃርቪ ደነገጡ። «አመመሽ? ውሃ ላምጣልሽ?»

«ደህና ነኝ። አመሰግናለሁ።»

«ትስማማያለሽ ማለት ነው?»

በአክብሮት ራሴን ዝቅ አደረግሁ። መምህሬ ወደ ጣሪያው አዩ። «ጥሩ። አመሰግናለሁ፤ ጨርሰናል» አሉ ሚስተር ሃርቪ። ድምፃቸው ትንሽ ቀዝቅዟል።

ወጣሁ። ሃንጋሩን ለማቋረጥ ረጅም መንገድ ነው። መሀል ላይ አንድ ትንሽ ጄት ቆሟል፤ ሥሩ አንድ ሠራተኛ ተንበርክኮ የጠብታ መቀበያ ትሪ እያስተካከለ ነበር። አንዲት ጠብታ ወርዳ ትሪው ላይ ጠብ አለች። ሰውዬው አያት፣ ቀጣይዋን ጠበቀ፣ ከሰዓቱ ጋር አስተያያት፤ አልደነገጠም። መልሱ እዚያው መሬት ላይ ነበር፣ እኔ ግን አፌን ዘግቼ ወጥቻለሁ።

ቀና ስል በተከፈተው ትልቁ በር አባቴ ታዩኝ። መኪና ውስጥ አልነበሩም። በዚያ ብርድ ከታክሲያቸው አጠገብ፣ ሱፋቸውን ቆልፈው፣ እጃቸውን በጎናቸው አድርገው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከገባሁ ጀምሮ እንደቆሙ መሆናቸው ያስታውቃል። ልጃቸው ሰዎች ፊት ቀርባ እየተፈተነች መቀመጥ ከብዷቸዋል።

የቅዳሜው ወሬ ያኔ ነው የገባኝ። ዞሬ ተመለስኩ። ሮጬ ነው ብል ይሻላል።

በሩን አንኳኩቼ ስገባ ሚስተር ሃርቪ «የረሳሽው ነገር አለ? ተቀመጪ» አሉ።

«ፈቃድዎ ከሆነ ቆሜ ነው የምናገረው።»

ሦስቱም ተያዩ። እግሮቼን ገጠምኩ።

«ሚስተር ሃርቪ፣ ያ አውሮፕላን መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ ቢደፈን አየር ላይ ሲግል የሚሰፋበት ቦታ ያጣል፤ አካሉ ይጣመማል። ማፍሰሱ የተፈቀደ ልክ አለው። ጠብታው ይቆጠራል፤ ከልኩ ካለፈ እንጠግነዋለን፣ ካላለፈ ይበራል። እርስዎ እንዳሉት ደፍነን ብንለቀው ሰዎቹን እንገድላቸዋለን። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ተሳስተዋል።»

ከውጭ አንድ ሞተር ሲነሳ ይሰማል።

«ይህን ቅድም ታውቂው ነበር?» አሉ ሚስተር ሃርቪ።

«አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው አይታረምም። ማለቴ፣ ይታረማል፤ ግን ተነስቶ ነው። እኔ መነሳቱን ረስቼ ነበር።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። «ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ስህተት ሆን ብዬ ተናግሬያለሁ። አንዳንዱ ተስማምቶ ሄዷል። አንዳንዱ ሳያውቅ ተከራክሮኛል። ወጥቶ የተመለሰ ግን የለም» አሉና ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ስሚኝ። እዚህ ሥራ ላይ መነሻ ጊዜ የማይኖርሽ ቀን ይመጣል። ክንፍ ሥር ተኝተሽም ቢሆን ስሳሳት ጮኸሽ ንገሪኝ። በዚህ ሳምንት እንደውላለን።»

ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቤት እስክንደርስ መሪውን በጣታቸው ሲመቱ መጡ።

ማክሰኞ ተደወለ ያለኝ የለም። ረቡዕም፣ ሐሙስም። ዓርብ ከሰዓት ከኮሌጅ ስመለስ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በመጨረሻው ትምህርት ላይ አንዱ የክፍሌ ልጅ ምርጫው ዛሬ እንደሚያልቅ ሰምቻለሁ ብሎኛል። ኮቴን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ወደቅሁ። አባቴ ለምሳ ገብተው ነበር።

«እንዴት ነው ስልክ የለም?» አሉ።

«የለም ማን አለ?» አለች እናቴ ከወጥ ቤት፣ ኮራ ብላ። «ማክሰኞ አንዲት ፈረንጅ ደወለች። ሐሙስም ደገመች። እኔ ግን ቁርጥ አድርጌ ነው የመለስኳት። ከዚያ ነቀልኩት።»

«ማን ናት? ምን አለችሽ?»

«'የስለላ አውሮፕላኗ ልጅ ቤት ነው?' ነዋ ያለችኝ! ስምሽን እንኳ አልጠራችም። ሰላይ የሚባል ሰው እዚህ የለም፣ ሮንግ ነምበር አልኳትና ዘጋሁት።»

እኔና አባቴ ተያየን። እናቴ ፊታችንን አይታ ማማሰያውን አስቀመጠች። ስነግራት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ወይኔ ልጄን፣ በገዛ አፌ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ልቆጣት ፈልጌ አቃተኝ። ይህች ሴት ሁለት ጊዜ ከፖሊስ አድናኛለች፣ በእሷ ቤት።

አባቴ የታክሲውን ቁልፍ አንስተው ነበር። እናቴም ነጠላዋን እንደለበሰች ተከተለችን፤ «እኔው አበላሸሁት፣ እኔው አነጋግራታለሁ» አለች። ዓርብ ከሰዓት የሳምንት መጨረሻ ትራፊክ ምን እንደሚመስል የቶሮንቶ ሰው ያውቃል። አባቴ በትንንሾቹ መንገዶች፣ በየፋብሪካው ጓሮ ወሰዱን። አንድ ሰው ታክሲ መስሎት እጁን ሲዘረጋ እናቴ በመስኮት «ኖ! ኖ!» ትለው ነበር።

ስንደርስ የቢሮዋ ሴት ካፖርቷን ለብሳ መብራት እያጠፋች ነው። ስታየኝ ቆመች።

«አንቺ! ሁለት ጊዜ ደውዬ የለም አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ አይነሳም። አልፈለገችም ብለን ለሁለተኛው ልጅ ደወልኩ። መልእክት መቀበያ ማሽን ሲያነሳው ዘጋሁት። ሰኞ ልሞክረው ነበር።»

አፌን ሳልከፍት እናቴ አለፈችኝ። ከቦርሳ ነጣቂ የምትሸሽ በምትመስል ፍጥነት ሴትዮዋ ፊት ቆመች። ቀጥ ብላ ነው የቆመችው። በሕይወቷ ሙሉ ቢሮ የሚባል ቦታ አንገቷን ደፍታ ነው ስትገባ የማውቃት።

«ሚስ» አለች፣ «ሮንግ ነምበር እኔ ነኝ። ሶሪ። ማይ ዶተር ጉድ ገርል። ኖ ስፓይ። ኤርፕሌን ኦንሊ።»

ሴትዮዋ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ካፖርቷን እንደለበሰች ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ተነስታ እናቴን አቀፈቻት። «ሰኞ ጠዋት ትጀምራለች» አለቻት፤ ለእናቴ ነው የነገረቻት። እናቴም ወደ እኔ ዞራ፣ እኔ እንዳልሰማሁ ሁሉ፣ በአማርኛ ተረጎመችልኝ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ከሃንጋር አልወጣሁም። ላይሰንሴን ካገኘሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ዛሬ አውሮፕላን እንዲበር ፈርሜ የምለቀው እኔ ነኝ። ሚስተር ሃርቪ እስኪያርፉ ድረስ የማስተምርሽ አልቋል አላሉኝም። ክንፍ ሥር ተኝቼ ጮኼ ያረምኳቸው ቀንም መጥቷል፣ አመስግነውኛል። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ «ዝም በይ፣ ታላቅ ሰው እየተናገረ ነው» ተብላችሁ ያደጋችሁ፣ አስተዳደጋችሁን ጥላችሁ ባለጌ ሁኑ አልላችሁም። እኔ አልጣልኩትም። ጨዋነታችን ውስጥ መናገሪያውም አለ፤ ወላጆቻችን ፈርተው ዝምታውን ብቻ አጉልተው ሰጡን እንጂ። ከእኔ ሥር ለሚሠሩ ልጆች በመጀመሪያው ቀን የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ስሳሳት ንገሩኝ። ካፈራችሁ ተነሱና ንገሩኝ።

የምኮራበት ግን ላይሰንሱ ብቻ አይደለም። ያቺ የመጀመሪያዋ ሰኞ ጠዋት ናት።

ሰማያዊ ቱታዬን ለብሼ ከክፍሌ ወጣሁ። ትንሽ ሰፍቶኝ እጅጌውን ጠቅልዬዋለሁ። አባቴ ሶፋቸው ላይ ሻያቸውን ይዘው ነበር። ሲያዩኝ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ተነሱ። ጎንበስ ቀና ብለው አይደለም፤ ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን በጎናቸው አድርገው፣ ፓርኪንጉ ላይ እንዳየኋቸው።

አባት ለልጁ አይነሳም። ደነገጥኩ። «ምን ነካዎት አባባ? ይቀመጡ እንጂ።»

«ሪፖርት አለኝ» አሉ።

«የምን ሪፖርት?»

«ኮርቼብሻለሁ።»

እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችን። ስልኩን ግድግዳው ላይ ሰካችና አጠገባቸው መጥታ ቆመች።